ከኮርቻ ወደ ሞተር፦ የግልቢያ ታሪክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የአንድን አገር ታሪክ በንጉሥ ስምና በጦርነት ቀን መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ሌላ በር እናንኳኳለን። ሰው ከገዛ እግሩ የበለጠ ፍጥነት ሲያገኝ ማን ያስተምረዋል? ሳይማር የተቀመጠበት እንደሆነስ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ጥያቄውን የምናነሣው ጉና ተራራን ተደግፈው በተቀመጡት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላይ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የፈረሰኛ አገር ነበር። ሁለተኛ፣ የፈረሰኛው የልጅ ልጅ ዛሬ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጧል፤ ሲቀመጥም የሚያስተምረው ሰው አላገኘም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ፈረስና ሞተር ምን አገናኛቸው? የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እስቲ አብረን እንመልከት።

ሀ) ፈረሰኛና እግረኛ

በድሮው ሥርዓት ሰው በሁለት ይከፈል ነበር፤ ፈረሰኛና እግረኛ። ይህ የጦር አሰላለፍ ብቻ አልነበረም፤ የኑሮም ክፍፍል ነበር። ባላባቱና መኳንንቱ በሰላም ጊዜ ሰጋር በቅሎ ይቀመጣሉ፤ ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ በአሽከር እየተሳበ ከኋላ ይከተላል። በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለጦርና ለክብር ነው። ገበሬው ግን ግብሩን ተሸክሞ፣ አህያውን እየነዳ፣ አቧራቸውን እየቃመ በእግሩ ይከተላል። ከፍታ ላይ የተቀመጠውን ሰው ከታች ወደ ላይ ማየት የዕለት ተዕለት ትምህርቱ ነበር።

ስለዚህ ነው በአገራችን የፈረስ ስም የሰው ስም እስከ መሆን የደረሰው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ። ሰውየው ሲወደስ በፈረሱ ስም ይጠራል። በአንጻሩ ግን ፈረሱን ያጠበ፣ ያበላ፣ የገራ፣ ሌሊት ከጅብ የጠበቀው አሽከር ስሙ አይነሣም። ባልደራስ የሚባለው የፈረስ ሹም እንኳ የሚታወሰው በማዕረጉ ነው እንጂ በሙያው አይደለም። የግልቢያ ዕውቀት ዋናው ጓዳ ግን እዚያ፣ ከጋጣው ነበር።

ደብረ ታቦር የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫ ከሆነ ወዲህ አካባቢው የፈረሰኛ ጦር መናኸሪያ ሆነ። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን መጥቶ ከራስ ዓሊ ጋር በደብረ ታቦር ሲገጥም፣ የውቤ መመኪያ ጠመንጃ ነበር፤ የዓሊ ደግሞ ፈረሰኛ። ዓሊ ሸሸ፤ ውቤ አሸነፈ። አሸነፈና ድንኳን ተክሎ ግብር ተቀመጠ። ወዲያው የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ድል አድራጊውን ከነድሉ ማረከው! ይህን ታሪክ እንያዘው። ከባዱን አልፎ በቀላሉ ቦታ ላይ መዘናጋት ምን እንደሚያመጣ ኋላ ስለ ኩርባ ስናወራ ይጠቅመናል።

ለ) የጉግስ ትምህርት ቤት

ያ ሁሉ ፈረሰኛ ታዲያ የት ተማረ? መልሱ አጭር ነው፤ ሜዳ ላይ፣ በጨዋታ። ጉግስ የጥምቀትና የገና ማድመቂያ ብቻ አልነበረም። በሁለት ወገን ተሰልፈው አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። አንድ እጅ ለልጓምና ለጋሻ፣ አንድ እጅ ለዘንግ ነው። ታዲያ ፈረሱ በምን ይታዘዛል? በጭንና በጉልበት፣ በወገብ ሚዛን፣ በዐይን። የድሮው እርካብ ለእግር አውራ ጣት ብቻ የምትበቃ የብረት ቀለበት ነበረች፤ ጋላቢው በባዶ እግሩ በዚያች ቀለበት ተደግፎ ነበር ሽምጥ የሚጋልበው። ክብደቱን በእርካብ ላይ ጥሎ መቀመጥ የማይቻለው ሰው ሚዛኑን ከወገቡ ይማራል፤ ሳይወድ በግዱ!

የትምህርቱ ደረጃም ግልጽ ነበር። ልጅ በመጀመሪያ ያለ ኮርቻ ውሃ ለማጠጣት ይወጣል። ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደንገላሳ፣ በመጨረሻ ሽምጥ። ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ የዘለለ ልጅ ይወድቃል፤ ሲወድቅም የሚያየውና የሚመክረው፣ አንዳንዴም የሚስቅበት ታላቅ አለ። ጨዋታው ሕግ ነበረው፤ የወደቀን ማጥቃት፣ ፈረስን መምታት ነውር ነው። ተመልካቹም ዳኛ ነበር። ክፉ የጋለበ በሴቶቹ እልልታ ሳይሆን በዝምታቸው ይቀጣል። ከዚህ የበለጠ ፈተና የት አለ?

ይህ ትምህርት ቤት ጨርሶ አልተዘጋም። በደብረ ታቦር በአጅባር ሜዳ ጥር 25 ቀን በቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ጉግስ ሲታይ የኖረ ልማድ ነው። በጎጃም በኩል ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በማኅበር ተደራጅተው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓላቸውን የሚያከብሩ ናቸው። የአገዎቹን ነገር ልብ እንበል። ሙያውን ከመጥፋት ያዳነው የፈረስ ብዛት ሳይሆን ማኅበሩ ነው። ታላቅና ታናሽ በአንድ ሜዳ በሕግ መገናኘታቸው ነው።

ሐ) መንኰራኩር ጨጨሆን ሲወጣ

ከፈረስ ወደ ሞተር የሚያሸጋግረን መንገድ ነው። በጋይንት ምድር ትልቅ መንኰራኩር ያለፈበትን የመጀመሪያውን ታላቅ ጊዜ የምናውቀው ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ በጋፋት የተሠራውን ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ ጭነው ነበር። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ሄዱ። በጉና ግርጌ ዞረው፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ ጨጨሆን አልፈው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ እየጎተተ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ለደህና ፈረሰኛ የጥቂት ቀን መንገድ የሆነውን በስድስት ወር ገደማ ፈጸሙት። መጋቢት ላይ መቅደላ ገቡ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ።

ስለዚህ ጉዞ ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንጨምረው አንዲት ነገር ናት። ፈረስ መንገድ አይፈልግም፤ መንኰራኩር ግን መንገድ ይፈልጋል። ፈረስ ጠጠሩን፣ ጭቃውንና ገደሉን ራሱ አይቶ እግሩን ያስቀምጣል፤ ጋላቢው ቢተኛ ፈረሱ አይተኛም። መንኰራኩር ግን ዐይን የለውም። ስለዚህ የማየቱ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በሰውየው ላይ ይወድቃል። ከፈረስ ወደ ሞተር ሲሻገሩ ከሚለወጡት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

የቀረው የመንገድ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በካሚዮን ጐንደር ገባ፤ በወረራው ዘመንም የአካባቢው ሰው የሞተር ድምፅ ከጭቆና ጋር አያይዞ ሰማው። ከዚያ ኢትዮጵያ ከቻይና ጋር በ1963 ዓ.ም. ግንኙነት ከመሠረተች በኋላ፣ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በቻይናውያን እርዳታ ተሠራ። ሕዝቡ እስካሁን የቻይና መንገድ ይለዋል። ቴዎድሮስ በስድስት ወር የተጋደሉበት አቀበት የሰዓታት ጉዳይ ሆነ።

መ) አንቺም፦ ፈረስ ከሞተር ሲገናኝ

ከመንገዱ በፊት ግን ሞተር በሰማይ መጥቶ ነበር። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅና የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ አምፀው ጦር አስከተቱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድር ምሥራቃዊ ክፍል በአንቺም ከጦር ሚኒስትሩ ከሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋር ገጠሙ። የበጌምድር ፈረሰኛና እግረኛ እንደ አባቶቹ ተሰልፎ ነበር። የማዕከላዊው መንግሥት ግን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ወደ አገር መግባት የጀመሩትን አውሮፕላኖች ይዞ መጣ። አስቀድመው የውግዘት ወረቀት በተኑ፤ በዕለቱ ደግሞ ቦምብ ጣሉ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን በጦር ሜዳ ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላል የአገሬ ሰው። በአንቺም ይህ ተረት በሌላ ትርጉም ተፈጸመ። የበጌምድር ፈረሰኛ ሙያ አልጎደለውም፤ የጎደለው ዘመኑ ነበር። አንድ ትውልድ በሙሉ የገነባው ችሎታ በማያውቀው መሣሪያ ፊት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ታዲያ ትምህርቱ ምንድነው? አንዳንዱ ፈረሱን ጣል፣ ሞተሩን ያዝ ይላል። እኛ ግን የምንለው ሌላ ነው። መሣሪያው ሲለወጥ የማሠልጠን ልማዱ አብሮ መሻገር ነበረበት። መሣሪያው ተሻገረ፤ ልማዱ ሜዳው ላይ ቀረ።

ሠ) ዶቅዶቄ

የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ሳይክል ጀርመኖቹ ዳይምለርና ማይባክ በ1885 እ.ኤ.አ. ሲሠሩ ስሙን ምን አሉት? የሚጋለብ ሠረገላ! አካሉ እንጨት፣ መቀመጫው እንደ ፈረስ ኮርቻ የቆዳ ነበር። ሞተሩም በኮርቻው ሥር ስለነበር በሙከራ ጉዞው ላይ ኮርቻው እሳት እንደ ያዘ ይነገራል። የሞተር ኃይል እስከ ዛሬ የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። የጃፓኑ ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ባለ 750 ሲሲውን ሲያወጣ 67 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1985 እ.ኤ.አ. ሱዙኪ ከእሽቅድምድም ሜዳ የወጣ የሚመስል ሞተር ለተራ ገዢ አቀረበ፤ የዛሬዎቹ ባለ 1000 ሲሲ ደግሞ 200 ገደማ ይደርሳሉ። ሁለት መቶ ፈረስ በአንድ ቀኝ እጅ አንጓ! የትኛው ባልደራስ ነው ይህን ያህል መንጋ ለአንድ ጎረምሳ የሚያስረክብ?

በእኛ አገር መንገድ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ነው። ዶቅዶቄ መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የግብርናና የጤና ባለሙያ መጓጓዣ ነበር። ኋላ ግን የህንድና የቻይና ሥሪት ሲረክስ ወደ ወጣቱ እጅ ገባ። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠር ቀበሌው መኪና በማይገባበት ሁሉ ሞተር ይገባል፤ ሰው ያደርሳል፣ ማዳበሪያ ያደርሳል፣ ምጥ የያዛትን ሴትም ያደርሳል።

እዚህ ላይ ፍትሕ እናድርግ። ሞተር የድሮውን ክፍፍል ንዶታል። በፈረስ ዘመን ከታች ወደ ላይ ሲያይ የኖረው የእግረኛው ልጅ ዛሬ ራሱ ጋላቢ ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሞተርን አጥፊ ብሎ ማውገዝ፣ ወይም በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ እንደሆነው ከጥቂት ከተፈቀደላቸው በቀር በደፈናው ማገድ፣ ለገጠሩ መልስ ሊሆን አይችልም። አዲስ አበባ ታክሲ አለላት፤ የስማዳ ቆላ ምን አለው?

ችግሩ ሌላ ነው። ሕጉ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኑሮው ግን አይጠብቅም። ልጁ ከጓደኛው ላይ ፍሪሲዮንና ማርሽ አይቶ፣ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ጭኖ ጨጨሆን ይወርዳል። በፈረስ ቋንቋ ሶምሶማ ሳያውቅ ሽምጥ ገባ ማለት ነው። ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካዊው የሃሪ ኸርት ጥናት በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን መርምሮ ነበር፤ አደጋ ከደረሰባቸው ጋላቢዎች ከመቶ 92ቱ በትምህርት ቤት ያልሠለጠኑ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የለቀሙ ሆነው ተገኙ። ሀብታሙም አገር ከጋጣ ወጥቶ ሜዳ አላገኘም ነበር ማለት ነው።

ረ) ጉግስ ለሞተር ምን ያስተምራል?

ከፈረሰኛው ሙያ ወደ ሞተር የሚሻገረውን እስቲ በዝርዝር እንይ።

አንደኛው ዐይን ነው። ፈረሰኛ የሚሄድበትን ያያል እንጂ የፈረሱን ጆሮ አያይም። ሞተርም ጋላቢው ወዳየበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ትኩር ብሎ ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ኩርባ ላይ መታየት ያለበት የኩርባው መውጫ ነው።

ሁለተኛው እጅና ጭን ነው። ክፉ ጋላቢ በልጓሙ ይንጠለጠላል፤ የፈረሱንም አፍ ያቆስላል። ክፉ ሞተረኛም መሪውን አንቆ ይይዛል። ደህናው በጉልበቱ የነዳጅ መያዣውን ጨብጦ ክንዱን ያላላል። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያደርገው ነገር አለ። በፍጥነት ላይ ያለ ሞተር ወደ ግራ እንዲታጠፍ የመሪውን ግራ እጀታ በቀስታ ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይላል፤ ሞተሩ ግን ወደ ግራ አዘንብሎ ይታጠፋል። ግር ይላል፤ ግን እውነት ነው። አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት ሠሪዎች ስለነበሩ ዊልበር ይህን አስቀድሞ አስተውሎት ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው በድንጋጤ ጊዜ መሪውን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይገፋል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። ሲቆም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳልና ዋናው የማቆም ኃይል የፊት ፍሬን ነው። የአገራችን ልጅ ግን የፊቱን ይፈራል፤ ይገለብጣል ይባላላ! የሚገለብጠው በድንገት ሲጨብጡት ነው፤ እንደ ላም ጡት ቀስ እያሉ እያጠበቁ ሲይዙት ያቆማል። ጠጠርና ጭቃ ላይ ደግሞ የፊቱ ቀለል፣ የኋላው ጠበቅ ይላል። ይህ የሚለመደው ደረቅ ሜዳ ላይ ነው እንጂ በሬ መንገድ አቋርጦ በገባበት ሰዓት አይደለም።

አራተኛው ስሌት ነው። ተራ ፈረስ በሽምጥ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ ነው። ሞተር ይህን በቀላሉ እጥፍ ያደርገዋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንዲት ሰከንድ ቢደናገር ፍሬን ሳይነካ 17 ሜትር ያህል ሄዷል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመገባቱ በፊት ነው።

አምስተኛው የደጃዝማች ውቤ ነገር ነው። ጨጨሆን በጥንቃቄ የወረደ ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ ግብር ይቀመጣል፤ እዚያ ነው ብሩ አሊጋዝ የሚደርስበት። ሕፃን፣ በግ፣ ከተደበቀበት መንደር ብቅ የሚል ባጃጅ ሁሉ የሚመጣው በቀላሉ ቦታ ነው።

ስድስተኛው ጋሻ ነው። በጉግስ ያለ ጋሻ ሜዳ የሚገባ ሞኝ ነበር። የሞተረኛ ጋሻ የራስ ቁር ነው። የመሞትን ዕድል ከመቶ 40 ያህል፣ የከባድ ራስ ጉዳትን ደግሞ ከመቶ 70 ያህል እንደሚቀንስ በብዙ አገር ጥናት ተረጋግጧል። ለጌታው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ለተቀመጠችውም ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ምንድነው? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ግልቢያ አዲስ አይደለበትም። ደረጃ በደረጃ የማስተማር፣ በሕግ የመጫወት፣ ነውርን የማወቅ፣ ታላቅ ታናሹን የማየት ልማድ ነበረው። ያ ልማድ የተሠራው በመኳንንት ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይቀበር የሚል ካለ፣ ከቆሻሻው ጋር እህሉን መድፋት ነው። ጌትነቱ ይቅር፤ ሜዳው ግን ይመለስ።

ሜዳው እንዴት ይመለሳል? በእያንዳንዱ የወረዳ ከተማ አንድ የተስተካከለ ሜዳ፣ ጥቂት የኖራ መስመር፣ ሙያ ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች፣ የሞተረኞች ማኅበር፤ ሌላ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አዲሱ ልጅ ሰው ከመጫኑ በፊት በታላላቆቹ ፊት ፍሬን ይያዝ፣ ኩርባ ይታጠፍ፣ ይዙር። ያልቻለ ይመለስ፤ የቻለ እልል ይባልለት። አገዎቹ በፈረስ ያደረጉትን እነዚህ በሞተር ማድረግ አያቅታቸውም።

እኛ ተማሪዎችስ? ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስንመለስ ስለ ዓለም ታሪክ ስናወራ እናመሻለን፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን በነገታው ሰው ጭኖ ይወጣል። ከላይ የዘረዘርናቸው ስድስት ነገሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊነገሩ ይችላሉ። መማራችን ለዚያ ልጅ አንዲት ከሰዓት ካልተረፈው ምን ሊበጅ ነው?